ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው

ልብስ ሰፊው ውሸታም ሰው አልነበረም። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይታወቅለት፤ ከዚህ በታች የሚወራው ሌላ ነገር ሊያስመስለው ይችላልና። የደንበኛ ጨርቅ ሲተርፍ ቁራጯን ጠቅልሎ «ለመጣፊያ ትሆንዎታለች» ብሎ የሚመልስ፣ ከሱሪ ኪስ ያገኛትን ግማሽ ማስቲካ ሳይቀር በወረቀት ጠቅልሎ ከነሱሪው ያስረከበ ሰው ነው። ኑሮው በሙሉ በልክ የተሰፋ ነበር፤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር በቀር።

«አልቋል እኮ፤ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ውሸት ናት ብሎ አስቧት አያውቅም። ሌላው ሰው «እንደምን አደሩ» እንደሚል፣ ለእሱ የሙያው ሰላምታ ነበረች። ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ሲል አፉ በራሱ ጊዜ ይከፈትና ትወጣለች። ሱሪው ገና ጨርቅ ቢሆን፣ ጨርቁም ገና ከፌስታሉ ባይወጣ፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። አንዲት ሴትዮ ሊያሰፉ ስለሰጡት መጋረጃ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ተብለው፣ አመስግነው፣ ደስ ብሏቸው ሄደው፣ መጋረጃ ቁልፍ እንደሌለው ትዝ ያላቸው ቤታቸው ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ሰፈሩም ስም ሲያወጣለት ብዙ አልደከመም፤ «ቁልፍ ብቻ» አለውና አረፈው።

ሱቁ የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ጨርቁ መደርደሪያው ላይ፣ ካውያው ከጠረጴዛው ጫፍ። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ጸሎት ቤት የሚሄድበት ቀን ብዙ ነው፤ እንግዳ ሰው ያየው እንደሆነ የሆነ የክህነት ማዕረግ ይመስለዋል። በጥጉ በኩል ልብስ የሚለካበት ቦታ አለ፤ እሱም በቡናማ መጋረጃ የተከለለ ነው። መጋረጃው ከሰው በተረፈ ቁራጭ የተሰፋ በመሆኑ ከታች በኩል ያጥራል። ልብስ ሰፊው ሊያየው የማይፈልገው ደንበኛ ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ፈጥኖ እዚያ ይገባና ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። የሰው ልብስ አንድ ጣት ሲያጥር ከሩቅ የሚያይ ዐይኑ የራሱን መጋረጃ ማጠር አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የጉባኤው አጽናኝ።

በሳምንቱ መካከል ምእመናኑ በየቤቱ ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ከጸሎቱ በኋላ ወንድሞችንና እህቶችን በቃሉ እንዲጸኑ የሚያበረታው ልብስ ሰፊው ነበር። ያውቅበታል። «ቃሉ የእሁድ ልብስ አይደለም» ይላል፣ የሜትሩን ጫፍ እያሻሸ። «እሁድ ለብሰነው፣ ሰኞ ቁም ሳጥን ውስጥ የምንሰቅለው አይደለም። የሥራ ልብስ ነው። ክርኑ ይለቅ፣ ጉልበቱ ይሳሳ፤ እንጠፈው፣ ደግመን እንልበሰው።» ሰው ይህን ሲሰማ የሸሚዙን ክርን ያያል።

ደግሞም ንግግሩ መሬት ጠብ አይልም ነበር። በአንዱ ምሽት አዎ ያላችሁት አዎ፣ አይደለም ያላችሁት አይደለም ይሁን የሚለውን ቃል ይዞ ተነሣና ሰውን ሁሉ አንጀቱን አላወሰው። በማግስቱ ሥጋ ሻጩ ለዓመታት በአንድ ጎኑ ሲያጋድል የኖረውን ሚዛን አውርዶ አስተካከለው፤ ደንበኞቹ ድንገት የከበደውን ፌስታል ሲያነሱ ትከሻቸው ሊወልቅ ነበር ይባላል። ልብስ ሰፊው ይህን ሰምቶ በደስታ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ወዲያው አንድ ደንበኛ በሩን አንኳኳ። «አልቋል» አለው ልብስ ሰፊው፣ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።» ለአፍ ዳገት የለውም።

ነገሩ የከረረው በመዘምራኑ ልብስ ነው።

ጉባኤው አዲስ አዳራሽ ሠርቶ ጨረሰ። ለምረቃው እሁድ ከሌላ ከተማ እንግዶች ተጠሩ፤ መዘምራኑም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ልብስ ለብሰው እንዲቆሙ ተወሰነ። መሪያቸው መምህርት ናት፤ ድምፅዋ በአንድ ወገን ሲገባ በሌላ ወገን የመስኮት መስታወት የሚያወጣ፣ ሰፊ፣ ደግ ሴት። ጨርቁን ራሷ ገዝታ አመጣች። መዘምራኑም ከሥራ መልስ እየመጡ ተለኩ።

ልብስ ሰፊው በዚያን ሰሞን አንድ ነገር ገርሞት ነበር። ከሩቅ ሲያዩአቸው ደልደል ያሉት ሰዎች ሜትሩ ሲዞርባቸው ሸንበቆ ይሆናሉ። በተለይ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምረው የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሲለካ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ልብስ ሰፊው በልቡ የሚጸልይ መስሎት አላቋረጠውም። ሰውየው ሲወጣ በሩ ላይ እንደ ጎማ ተነፈሰ። «አሜን» አለ ልብስ ሰፊው።

ከዚያ በኋላ ጨርቁ መደርደሪያው ላይ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። ስንፍና አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት አንድ እጅጌ ቢረዝም፣ አንድ ኮሌታ ቢጣመም ሰው ምን ይላል? መቀሱን ያነሣል፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ያያል፣ ጨርቁም መልሶ ያየዋል፣ መቀሱን ያስቀምጣል። ነገ በጠዋቱ እጀምረዋለሁ ይላል። ነገ ደግሞ የሌላ ሰው ሱሪ ይመጣል። መሪዋ በመጣች ቁጥር ያቺ ዓረፍተ ነገር ትቀድመውና እሱ ከኋላዋ እየሮጠ ይደርሳል።

አንድ ያልደመረው ሒሳብ ነበረ። በዚያ ቤት ቆርጦ የሚሰፋው እሱ ነው፤ ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ ናት። ይህን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሩ አጠገብ ባለችው ዝቅተኛ ወንበር ተቀምጣ፣ የቁልፉን ቆርቆሮ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በጥርሷ ክር ስትበጥስ ያላያት የለም። እጇ ፈጣን ነው፤ አንድ ሸሚዝ ሙሉ ቁልፍ ለመትከል ሰው አንድ ወሬ አውርቶ እስኪጨርስ አይፈጅባትም።

ከምረቃው በፊት በነበረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ወደ መንገድ አየ። የመዘምራኑ መሪ እየመጣች ነው። አጠገቧ ደግሞ ምርኩዛቸውን እየተከሉ እማማ ጉንዳን አሉ። እኚህ ሴት ይህ ስም የወጣላቸው ከመጽሐፉ ሁሉ አስበልጠው ሰነፍ ሰው ከጉንዳን እንዲማር የሚመክረውን ቃል ስለሚወዱ ነው፤ ለታመመም፣ ላዘነም፣ ለተጋባም የሚጠቅሱት እሱን ነው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ መጋረጃው ውስጥ ገባ። ሚስቱ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያዋን አቁማ መጋረጃውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ዐይኗ ከታች ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንግዶቹ ግን እሱን አልጠየቁም። የመጡት ወደ እሷ ነበር።

እማማ ጉንዳን ወንበሩ ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ በፍቅር እንደመጡ ተናገሩ። ሰው በፍቅር መጣሁ ሲል መሸሽ ደግ ነው፤ ሚስትየው ግን ካውያ ይዛለች፣ የት ትሂድ። ሰው ሁሉ ድካም አለበት አሉ እማማ፤ የአንዱ ምላስ፣ የአንዱ ሆድ፣ የአንዱ ደግሞ እጅ። ባልሽ የተባረከ ሰው ነው፣ ሌት ተቀን ቆርጦ ይሰፋል፣ ጨርሶ ያስረክብሻል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ቁልፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የሥጋ ሻጩ ሸሚዝ ቁልፍ ላይ ቆመ። የጎረቤቴ ካፖርት ብርዱ አልፎ ሙቀቱ እስኪገባ ቁልፍ ላይ ቆመ። ሰው እኮ ያወራል ልጄ፤ እኛ ደግሞ እንወድሻለንና በስምሽ መጸለይ ከጀመርን ሰነበትን። ይህን ብለው ከቦርሳቸው መጽሐፋቸውን አወጡና ጉንዳኗ ያለችበትን ቦታ ከፈቱ። መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ መጽሐፉ ራሱ ለምዶ እዚያ ይከፈታል።

መጋረጃው ውስጥ ልብስ ሰፊው የሰማውን አላመነም። በስሟ መጸለይ ከጀመሩ ሰነበቱ? አንድ በአንድ ትዝ አለው፤ ሴቶቹ ለአዳራሹ ጽዳት ሲመዳደቡ እሷን «አንቺ ይቅርብሽ፣ አይመችሽም» ያሏት፣ ከጉባኤ መልስ «በርቺ እህቴ» ብለው ትከሻዋን የሚመቱት። የሚያበረታቷት ይመስለው ነበር። ለካ ይቺ የማትጎዳ ሰላምታው በየበሩ ስትዞር የኖረችው የሚስቱን ስም አንጠልጥላ ነው።

ሚስቱ አልተቆጣችም። «ጸልዩልኝ እማማ» አለች፤ «ጸሎት አይጎዳም።» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ ወይስ ሌላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አይለይም።

ያን ጊዜ የመዘምራኑ መሪ፣ እስከዚያች ሰዓት ያልተናገረችው፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። የመደርደሪያው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ።

«እህቴ፣ እኔ ልመክርሽ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልብሳችን ላይ የቀረው እውነት ቁልፍ ብቻ ነው?»

መርፌ ቢወድቅ ይሰማል፤ በልብስ ሰፊ ቤት ደግሞ መርፌ ሁልጊዜ ይወድቃል። ልብስ ሰፊው ጆሮውን ቀሰረ። አዎ ካለች ስለ እሱ ዋሸች፣ ስንፍናውም በራሷ ላይ ጸና። አይደለም ካለች ባሏን በሰው ፊት ገለጠችው። ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያቆማት እሱ ነው፤ ለሌላው «አዎህ አዎ ይሁን» እያለ ሲያስተምር የኖረው እሱ። ሥጋ ሻጩ በአደባባይ ሚዛኑን ሲያወርድ ታየው። ካውያው ብቻ ሲተነፍስ ይሰማል።

መጋረጃውን ገለጠው።

እማማ ጉንዳን ደንግጠው ምርኩዛቸውን አነሡ። መሪዋ ሰውየውን አየችው፣ መጋረጃውን አየችው፣ ስንት ደንበኛ መጥቶ አጥቶት እንደተመለሰ አሰበች መሰለኝ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ።

«ቁልፍ አይደለም የቀረው» አላቸው። «ልብሱ ነው የቀረው። አልተቆረጠም። ጨርቁ ያውና እንዳመጣሽው፣ የታሰረበት ገመድም አልተፈታም። የሥጋ ሻጩ ሸሚዝም፣ ካፖርቱም፣ የዚያን ጊዜ ገና አልተቆረጡም ነበር። እሷ እጅ ላይ የደረሰ ልብስ አድሮ አያውቅም። ዘግይቶ የማያውቀውን ሰው ነው የሚመክሩት እማማ። ጉንዳኗ እሷ ናት፤ ያንን ለእኔ ያንብቡልኝ።»

ተናግሮ ሲጨርስ ሳያይ የቁልፍ ቆርቆሮዋ ያለችበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁልፎቹ ወለሉን ሞሉት። ማንም ሊለቅም አልጎነበሰም። አሁን ይመጣል አለ በልቡ፤ ጉባኤው ያፍርብኛል፣ ከአጽናኝነቴ እወርዳለሁ፣ እንግዶቹ ይስቃሉ። የመሪዋን ፊት ቀና ብሎ ለማየት ፈራ።

መሪዋ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አንድ አዳራሽ የሚሞላ ትንፋሽ።

«አልተቆረጠም?» አለች። «በእውነት አልተቆረጠም? ተመስገን፣ ተመስገን ጌታዬ።»

ከዚያም የራሷን ነገረቻቸው፤ እየሳቀች፣ በመሀረቧ ዐይኗን እየጠረገች። እንግዶቹ ሲመጡ መዘምራኑ ቀጠን ብለው እንዲታዩ ስለፈለገች፣ ሲለኩ ሁሉም ሆዳቸውን እንዲስቡ ያዘዘቻቸው እሷ ናት። «እንደዚያ ጠብቦ ከተሰፋ በግድ እንከሳለን» ብላቸው ነበር። እነሱም ታዘዙ። ሾፌሩማ ራሱን ሊስት ምንም አልቀረውም ነበር። በኋላ ግን አልከሱም፤ እንዲያውም ለዝግጅቱ በየምሽቱ ሲገናኙ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ኬክ እያመጣ ይባስ ወፈሩ። ሰንብታ ስታስበው በዚያ ልክ የተሰፋ ልብስ ለብሰው የመጀመሪያውን ከፍ ያለ ዜማ ሲያነሡ የሚሆነው ታያት፤ ቁልፎቹ እንደ በረዶ እንግዶቹ ላይ ሲዘንቡ። ልትነግረው በመጣች ቁጥር እሱ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ይላታል። ተሰፍቶ ካለቀ አሁን ብናገር ምን ይጠቅማል፣ የሰውየውን ድካም ገደል ልከተው ነው ብላ አፏን ይዛ ትመለሳለች። የእሱ ውሸት የእሷን ውሸት ሲጠብቅላት ከረመ።

«ለሜትር ዋሽተናል» አለች። «እኔ መምህርት ነኝ፤ ልጆቹን ልክ ልካቸውን የምነግር ሴት የራሴን ልክ ደበቅሁ።»

«ጨርቁንስ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሙያው ቀድሞት። «ጨርቁን በየትኛው ልክ ነው የገዛሽው?»

መሪዋ አቀረቀረች። ጨርቁን የገዛችው በእውነተኛው ሆድ ልክ ነበር። ሻጩ ፊት መዋሸት አላማራትም።

በዚህ ጊዜ ሚስትየው ልትይዘው ያልቻለችው ሳቅ ፈነዳ፤ ካውያው የያዘው ሸሚዝ እስኪሸት ድረስ ሳቀች። እማማ ጉንዳን ከሁሉ ኋላ ገባቸው። መጽሐፋቸውን ቀስ ብለው ዘጉና ወደ እሷ ዞሩ። ልጄ ይቅር በይኝ አሏት፤ ቃሉ ትክክል ነው፣ ያነበብኩበት ሰው ነው የተሳሳተው። እሷም ጉልበታቸውን ይዛ፣ «ችግር የለም እማማ፣ ጉንዳኗን ደግሞ ደጋግመው ስላነበቡልኝ በቃሌ ይዣታለሁ» አለቻቸው። ከዚያ ሦስቱም ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልፎቹን ለቀሙ። ልብስ ሰፊውም ከወንበሩ ወርዶ ተንበርክኮ ለቀመ፤ መንበርከኩ ደግሞ ለሁለት ጉዳይ ጠቀመው።

ሊወጡ ሲሉ መሪዋ በር ላይ ቆም አለች። ለእሁድ ይደርሳል ወይ ብላ ጠየቀችው። ያቺ የድሮ ዓረፍተ ነገር ከጉሮሮው ተነሥታ ምላሱ ላይ ደረሰች፤ አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ አየችው።

«አይደርስም» አለ።

እንዲህ ያለ አጭር ቃል በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ያነቀውን ኮሌታ እንደፈታ ሰው አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። መሪዋም «እሺ» አለች። በቃ፣ «እሺ»። ሰማይ አልወደቀም። ለስንት ዓመት የፈራው ነገር ይህን ያህል እንደነበረ ሲያይ ራሱን ታዘበው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሚስቱን ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችው ጠየቃት። ከሰው እየሰማች ስንት ዘመን ዝም ያለችው ለምንድን ነው?

«አንተ ሰውዬ» አለችው ክሯን በመርፌ እያስገባች፣ «በየሳምንቱ እዚያ ተቀምጬ ስትናገር እሰማሃለሁ። ደህና ነገር ነው የምትናገረው። ሌላው ሁሉ ሲሰማው እሱም አንድ ቀን ይሰማዋል ብዬ ጠበቅሁ።» ደግሞም ጨመረች። «መጋረጃው አጭር መሆኑን ግን ልነግርህ ይገባ ነበር። ጫማህ ይታያል። ሰፈሩ በሙሉ ጫማህን ያውቀዋል።»

በሚቀጥለው የጸሎት ምሽት ልብስ ሰፊው ስለ እሁድ ልብስና ስለ ሥራ ልብስ አልተናገረም። ተነሥቶ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው አወራ። የሚስቱን ስም ከነአባቷ ጠርቶ በሰው ሁሉ ፊት አጠራው። ሥጋ ሻጩ ከኋላ ሆኖ፣ በአንተ ቃል እኔ ሚዛኔን አስተካክዬ ደንበኛ ሁሉ ሲባርከኝ፣ አንተ ግን ሸሚዜን ይዘህ ክረምቱን አሳለፍክ ብሎ አሳቀበት፤ ልብስ ሰፊውም ሸሚዙ ገና እንዳልተቆረጠ እዚያው ነገረው። ከአጽናኝነቱ የሚያወርደው ሰው ግን አልተገኘም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነበር ሰው ከጸሎት መልስ ጎትቶ እያስቀረው፣ እኔም እኮ እንዲህ የምላት ዓረፍተ ነገር አለችኝ እያለ በጆሮው የሚነግረው። ሾፌሩ ለሚስቱ «ደረስኩ፣ ጥጉ ጋ ነኝ» የሚላት ሌላ ከተማ ሆኖ ነበር።

የምረቃው እሁድ መዘምራኑ በየራሳቸው ልብስ ቆሙ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አመድማ፣ አንዷ አበባ ያለው። እንደዚያ ቀን አምሮባቸው ዘምረው አያውቁም፤ መተንፈስ ይችሉ ነበራ። እንግዶቹ ስለ ልብሱ የተናገሩት የለም፣ ዐይናቸው እንባ ስላቀረረ ቀለሙን የለዩት አይመስልም። ሚስትየው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር፤ በግራ በቀኝ ሰው ስለተጠጋጋባት ለመጽሐፏ ቦታ አጣች።

ሰማያዊው ልብስ እንደገና የተለካው ከዚያ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊው አንድ ዘዴ አመጣ፤ ሜትሩን ወገባቸው ላይ አዙሮ «በሉ አሁን ዘምሩ» ይላቸዋል። ሆድ እየዘመረ አይዋሽም። ሾፌሩ ወፍራሙን ድምፅ ሲያወርደው ሜትሩ ከልብስ ሰፊው እጅ አምልጦ ሄደ። ሱቁ ለብዙ ምሽት በዝማሬ ተሞላ፤ መንገደኛ እየቆመ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቆረጠ፣ ሰፋ፣ ኮሌታ አዞረ። ደንበኛ በሩ ላይ ሲመጣ መልሱ አጭር ሆነ፤ አልተጀመረም፣ ተጀምሯል፣ ተቆርጧል። መጀመሪያ ሰው ግራ ተጋባ፤ አንዳንዱ ታሞ ይሆን ብሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። ቡናማው መጋረጃ ግን አሁንም እዚያው ጥግ አለ፤ ከታች በሰማያዊ ቁራጭ ተቀጥሎ ወለል ነክቷል። የተረፈውን ቁራጭ ይውሰደው ብላ የፈቀደችለት መሪዋ ናት፤ ጠይቆ ነው።

የመጨረሻዋን ልብስ የጨረሰ ዕለት እጥፉን በሁለት እጁ ተሸክሞ በሩ አጠገብ ወዳለችው ዝቅተኛ ወንበር ሄደ። ሚስቱ ጭን ላይ አኖረው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ፊቱ ላይ ሳቅ መጣበት።

«አልቋል» አላት። «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።»

እሷም መርፌዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «ቆይ እስቲ» አለች፤ እጅጌውን ገለበጠች፣ ኮሌታውን ዳሰሰች፣ ስፌቱን ወደ ብርሃን አድርጋ አየች። ከዚያ የቁልፉን ቆርቆሮ ከፈተች።

«እውነትህን ነው።»